ልዌ የምትባለው ቃል

በዕለተ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ታላቅ እህቴ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ለማጠፍ ስድስት ስፒል በከንፈሯ መያዟን ለሚመለከታቸው ሁሉ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ስድስቱም አዲስ ነበሩ፤ ሦስቱ በቀኝ፣ ሦስቱ በግራ። የልብስ ሰፊ ከንፈር የስፒል መደርደሪያ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ቆሞ ልብስ አስለክቶ አያውቅም። ነገሩን እንደ አዋጅ የማነበው፣ ከዚያች ረቡዕ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ትልቅ ትንሹ አንድ ቃል እየሳተ ሲዘፍን የኖረው በእነዚያ ስድስት ስፒሎች የተነሳ ስለሆነ ነው። ይህን የምናውቀው ደግሞ እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

አንዲት ክፍል ለሁለት ተካፍለን ነበር የምንሠራው። በመስኮቱ በኩል የእሷ የስፌት መኪና፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ የጨርቅ ጥቅል፣ ቀሚስ የሚለካባት ራስ የሌላት የእንጨት ሴት። በበሩ በኩል የእኔ ጠረጴዛ፣ ሆዱ የተከፈተ ቴፕ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ብሎን። ሁለታችንም የምንተዳደረው በክር ነበር፤ እሷ በልብስ ክር፣ እኔ በካሴት ክር። ደንበኛ "ክሩ ተበጠሰብኝ" እያለ ሲገባ ሁለታችንም ቀና ብለን እጁን እናያለን። ጨርቅ ከሆነ ወደ መስኮቱ፣ ካሴት ከሆነ ወደ በሩ።

እኔ ስሜ ከጠፋ ቆይቷል፤ "ቴፑ" ነው የሚሉኝ። እሷን ሰፈሩ "ልብስ ሰፊዋ" ይላታል። እኔ እትዬ እላታለሁ።

በዚያች ረቡዕ የአንድ ሚኒባስ ሾፌር ቴፕ ጠግኜ ጨርሼ፣ መቅጃው ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ባዶ ካሴት ከተትኩና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። እትዬ ከእንጨቷ ሴት እግር ሥር ተንበርክካ ታንጎራጉራለች። ዘፈኑ የራሷ ነው፤ ግጥሙንም ዜማውንም መኪናዋን ስትረግጥ ያወጣችው።

እኔ ሄድኩ እንጂ ልቤ አልሄደችም፣
በርህ ላይ ቆማ አልተቀመጠችም።

ለማን እንደተዘፈነ ጠይቄያት አላውቅም። እጇ ላይ መቀስ የማይጠፋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

"ልቤ" የምትለዋ ቃል ላይ ዜማው ሽቅብ ይወጣና ይረዝማል። እስቲ አንባቢም ይሞክራት። "ቤ" ለማለት ሁለቱ ከንፈሮች የግድ መገጣጠም አለባቸው። በመካከላቸው ስድስት ስፒል ካለ ደግሞ መገጣጠም ማለት መወጋት ነው። እትዬ ሌላውን ቃል በግማሽ አፍ እንደምንም እየሾለከች አወጣችው፤ እዚያች ላይ ስትደርስ ግን ለከንፈሯ አዘነችለትና ሳትገጥም አለፈች። "ልዌ" አለች። ሦስት ደቂቃ ተኩል ዘፈነች፤ አሥራ አንድ ጊዜ ልዌ አለች።

ሾፌሩ መጣ፣ ቴፑን ታቅፎ ሄደ። ካሴቱን ከውስጡ ማውጣት ረሳሁ።

ከዚያ በፊት የዘፈን ስህተት ዕድሜ አልነበረውም። ዘፋኙ ሠርግ ላይ ቃል ቢስት፣ ስህተቱ እንግዶቹ ቤታቸው ሳይገቡ ይሞታል። በማግስቱ ሌላ ዘፋኝ ያቃናዋል፤ ወይም የራሱን ስህተት ይጨምርበታል። ዘፈን እንደ ወሬ ነበር፤ ያመጣውን ሰው ጠባይ ይዞ ነው የሚገባ። ካሴት ሲመጣ ግን ስህተት ደርዝ ያለው ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። አንዴ የተሳተ ሁልጊዜም እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ ይሳታል።

ሰውም አብሮ ተለወጠ። ድሮ ዘፈን ለመስማት የግድ ሰው መሰብሰብ ነበረበት። አሁን አንድ ሰው ለብቻው በሩን ዘግቶ ማዘን ቻለ፤ አባቶች "ይህን ልጅ ምን ነካው?" ብለው ሐኪም ፈለጉ። የሚወዳትን ልጅ ቀና ብሎ አይቷት የማያውቅ ፈሪ፣ ካሴት በጋዜጣ ጠቅልሎ እጇ ላይ ጥሎ መሮጥ ጀመረ፤ የተጋቡም አሉ። ቴፕ ያለው ጎረቤት እንደ አማት ይፈራ ጀመር። እናቶች ልጅ የሚያስተኙት በሁለተኛው ገጽ ሆነ፤ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲቆም ልጁ ዓይኑን ገልጦ "ገልብጪው" ይላል። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ይህን ሁሉ አይቻለሁ።

ሾፌሩ ካሴቱን ለተሳፋሪው ሁሉ እያሰማ ከረመ፤ የሰማው ሁሉ ይቀዳው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ገብታ፣ "ያቺን የልዌን ዘፈን ቅዳልኝ" አለችኝ።

"የምን?"

"የልዌን! አንተ የምትኖረው ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ?"

እትዬ መኪናዋን አቆመች።

"ልዌ ማለት ምን ማለት ነው የኔ ልጅ?" አለቻት።

ደንበኛዋ በሐዘኔታ አየቻት። "እሱማ አይተረጎምም" አለች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት። ወንዶች ሚስቶቻቸውን "ልዌዬ" ማለት ጀመሩ። ከእኛ በር ፊት ለፊት ልዌ ፀጉር ቤት ተከፈተ፤ እሱን አይቶ ልዌ ፎቶ ቤት ተከፈተ። ሕፃናት ልዌ ተባሉ። ካሴቱ ወደ ሲዲ፣ ሲዲው ወደ ፍላሽ፣ ፍላሹ ወደ ስልክ ሲሻገር ልዌ አንዲት ነገር ሳትጎድልባት ተሻገረች። "ድምፁን እናጥራው" ያሉ ባለሙያዎች የካሴቱን ኮሽታና የመንገዱን ጡሩምባ አንድ በአንድ ለቅመው አጠፉ። ልዌን ግን ጭራሽ አስዋቧት።

አንድ ቀን አንድ የተማረ ሰው መነጽሩን እየጠረገ ወደ ሱቃችን ገባ። ኋላ ላይ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት ሰው ሁሉ "ባለ መጽሐፉ" የሚለው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ የቀዳሁት እኔ መሆኔን ከሾፌሩ ሰምቷል።

"ድምፃዊቷ ማን ናት ወንድሜ?" አለኝና ማስታወሻ ደብተር አወጣ።

ለምን እንደዋሸሁ ብትጠይቁኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ የተናገርኩትን በጽሑፍ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። "ሱቅ ውስጥ፣ ስፒል በአፏ ይዛ፣ በአጋጣሚ" ብዬ ብነግረው ብዕሩን ሊያስቀምጥ ነው። ስለዚህ "አንዲት ባልቴት ነበሩ" አልኩት። "ከሩቅ የመጡ። ቃሏን ከአያታቸው ነው የወረሷት አሉ። አሁን አርፈዋል።"

እሱ ይጽፋል። እትዬ በመስኮቱ በኩል ሆና የገዛ ሞቷን ትሰማለች።

ሲወጣ፣ "ነፍሴን ይማር" አለች፤ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።

መጽሐፉ ሲወጣ ሠላሳ አራት ገጹ ስለ ልዌ ነበር። ልዌ ማለት ልብ ልብ ከመሆኗ በፊት የነበረችው ልብ ናት፣ ከንፈር የማይገጥምባትም ለናፍቆት በር ክፍት ለመተው ነው፣ ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም አንብቤ ሆዴ ባባ።

እትዬ ግን ሌላ ነበር የሚያንገበግባት። ስሟ አለመጠራቱ ግድ አልሰጣትም። አንድ ቀን የሠርግ መኪናዎች በር ላይ ተሰልፈው በሙሉ ድምፅ ልዌ ልዌ እያሉ ሲያልፉ፣ መቀሷን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

"አንተ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን የተጣመመ ስፌት ከእጄ አስወጥቼ አውቃለሁ?"

"አታውቂም እትዬ።"

"እጅጌው ጠበበ ብሎ የተመለሰ ልብስ ሳልፈታ፣ ሳላቃና ሰጥቼ አውቃለሁ?"

"በፍጹም።"

"እንግዲያው ይኸው። አንዲት ስፌት አጣመምኩ፤ እሷኑ ሰው ሁሉ ለብሷት ይዞራል። አንድ ቀን ሳልፈታት አልሞትም።"

"አንቺ እኮ ከሞትሽ ቆየሽ" አልኳት። ሳትስቅ ቀረች።

አርባኛው ዓመት ሲደርስ ትልቅ በዓል ታሰበ። አርባ ሴቶች የሚዘፍኑበት የኅብረ ድምፅ ቡድን ተቋቋመ፤ የከተማው አዳራሽ ተያዘ፤ የአርባውንም ቀሚስ እንድትሰፋ የተጠራችው ማን ሆነች? እትዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እኔ የጨርቁን ጥቅል ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ መለማመጃው ሄድን።

ቡድኑን የምትመራው ወጣት ሴት የምትመራው በእርሳስ ስለሆነ "እርሳስ" ነው የሚሏት። እትዬ የአንዷን ወገብ እየለካች ነገሩን ጀመረች።

"ልጄ፣ ይህችን ዘፈን እኮ እኔም አውቃታለሁ።"

"የማያውቃት አለ እማማ?" አለች እርሳስ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

"አንዴ ላንጎራጉርልሽ?"

"ደስ ይለናል።"

እትዬ ቆማ ዘፈነች። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ድምፁ ግን ከታች ወፈረ እንጂ ከላይ አልተነካም። ሲያወሩ የነበሩት ልጆች ወሬያቸውን አቆሙ። "ልቤ" ላይ ስትደርስ ግን እርሳስ ፈገግ ብላ እጇን አነሳች።

"ድምፅዎ ሲያምር! ግን እማማ፣ ልቤ አይደለም። ልዌ ነው። ከንፈር አይገጥምም። ዌ!"

"ቃሏ ልቤ ናት ልጄ።"

"ልቤማ ተራ ቃል ናት እማማ።"

"ተራ ሰው ነው ያወጣት።"

ልጆቹ ሳቁ። እትዬ ሜትሩን እየጠቀለለች፣ "ካሴቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ" አለች።

እርሳስ ደግ ልጅ ናት፤ አልሳቀችም። "አውቃለሁ እማማ" አለች። "ባለፈው ሳምንት የመጡት እናትም እኔ ነኝ ብለው ነበር። እስካሁን አሥራ አንድ ደርሳችኋል።"

"ይህ ወንድሜ ነው የቀዳው። ጠይቂው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መጽሐፉ ውስጥ ገጽ አሥራ ስምንት ላይ "ታማኝ ምንጭ" ተብዬ አለሁ። ጥቅሉን ከቀኝ ትከሻዬ ወደ ግራ አዛወርኩና ሳልኩ። እትዬ የሚቀጥለዋን ልጅ "ክንድሽን ዘርጊ" አለቻት።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በሌላው ጠርዝ ሄደች።

በዓሉ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ከአርባዎቹ አንዷ እግሯን ወለም አላት። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነው ሊወጡ አይችሉም፤ የተጋበዘው ሁሉ አርባ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ቀሚሷ ተሰፍቶ ተሰቅሏል። ቀሚሱ ደግሞ ልኩ የእትዬ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዴ ልብስ ሰፊ ሆን ብላ አትስትም ብዬ አልምልም።

"ግን ድምፅ አያወጡም" አለቻት እርሳስ። "አፍ ብቻ። እኛም ሁላችን አፍ ብቻ ነን። ፕሌይባክ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው ከካሴቱ ነው።"

"ማለት፣ እሷ ትዘፍናለች፣ እኔ አፌን አንቀሳቅሳለሁ?"

"እንደሱ እማማ!"

"ችሎታ ይጠይቃል" አለች እትዬ።

ጠየቀም። በመጀመሪያው ልምምድ ካሜራ የያዘው ሰው ከማዶ ጮኸ። "ሦስተኛ ረድፍ፣ ከግራ አራተኛዋ! ከንፈሯ ይገጥማል!" ደገሙት። "አሁንም ገጠመ!" እህቴ የገዛ ድምፅዋን ማስመሰል ተስኗት ሦስት ጊዜ ልምምዱን አስቆመች። እርሳስ መጥታ ትከሻዋን ይዛ፣ "እማማ፣ የልዌ ነገር ካልሆነልዎት ዝም ብለው ቢቆሙስ?" አለቻት።

ማታ አዘንኩላትና አንድ ሐሳብ አመጣሁ። "እትዬ፣ ስፒል ይዘሽ ተለማመጂዋ።"

የልብስ ጠመኔው ግንባሬ ላይ አረፈ።

"ልፈታት ነው የገባሁት" አለች፣ "ልደግማት አይደለም። ከንፈሬ እዚያች ላይ ይገጥማል። መስማት የተሳነው ሰው በቴሌቪዥን ቢያየኝ፣ ቢያንስ እሱ ትክክለኛዋን ያነባታል።"

ከዚያ የባሰው የመጣው ቀጥሎ ነው። "አንተ ግን" አለችኝ፣ "አንዲት ቃል መናገር አቅቶህ የሳልከውን ሳል፣ እሱንም ቀድተህ አስቀምጠው።"

የበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ፣ ወንበር ያጣው ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ባለ መጽሐፉ ከፊት ረድፍ መሐል ላይ ተቀምጧል። ስልክ ውስጥ ያለው ቅጂ ነፍስ የለውም፤ መሰማት ያለበት የመጀመሪያው ካሴት ነው ብሎ ሙጭጭ ያለውም እሱ ነው። ሾፌሩ ከዘመናት በፊት መልሶልኝ መሳቢያዬ ውስጥ የነበረውን ካሴት በመሀረብ ጠቅልዬ አመጣሁ። መድረኩ ጥግ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ቴፕ፣ አጠገቡ የድምፅ ባለሙያው ስልክ። "ካሴቱ ካስቸገረህ እዚህች ላይ ትነካለህ፤ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም አያውቅም" አለኝ ባለሙያው። በዚህ ዘመን ማንም እንዳያውቅ የሚደረገው ዝግጅት ከዘፈኑ ዝግጅት ይበልጣል።

አርባዎቹ ወጡ። ቀሚሶቹ አንድም ቦታ አልተሸበሸቡም። እርሳስ እርሳሷን አነሳች፤ እኔ ቁልፉን ተጫንኩ።

የሃያ አራት ዓመቷ እትዬ አዳራሹን ሞላችው። አርባ አፍ አብሮ ተከፈተ፣ አብሮ ተከደነ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ብቻ አንድ ከንፈር ያለቦታው ይገጥማል። ካሜራው ዘወር አለላት። የመጀመሪያው ስንኝ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ሲጀምር ግን ከቴፑ ሆድ ውስጥ አንዲት የማውቃት ድምፅ ሰማሁ፤ ያረጀ ጎማ ክር ሲስብ የምትሰማዋን። ቴፑ ካሴቱን መብላት ጀምሯል። ዘፈኑ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ጎተተ።

ጣቴ ስልኩ ላይ ደረሰ። ዕድሜዬን ሁሉ ቁልፍ ስጫን ኖሬያለሁ፤ አለመጫን እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር። ባለሙያው ከማዶ በእጁ "ንካ! ንካ!" ይለኛል። እህቴን አየኋት። አላየችኝም፤ የሚቀጥለውን ቃል እየጠበቀች ነው። ስልኩን በፊቱ ደፋሁትና እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ።

"እኔ ሄድኩ እንጂ ል..." አለ ካሴቱ። ክሩ ተበጠሰ።

ሠላሳ ዘጠኝ አፍ ለዌ ተዘጋጅቶ እንደተከፈተ ቀረ። ከአንዱም ምንም አይወጣም። አዳራሹ ሙሉ ሰው የተከፈተ ዝምታ ያያል።

"...ቤ" አለች እትዬ።

ከተበጠሰበት ከዚያው ነጥብ፣ በዚያው ከፍታ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ። ከንፈሯ ገጥሞ ሲላቀቅ የተሰማ ይመስለኛል። "አልሄደችም" ብላ ቀጠለች፤ በሩ ላይ ቆማ አለመቀመጧን ዘፈነች፤ ያለ ማይክ፣ እጇን ግራና ቀኝ ለቃ። ድምፁን የማያውቅ አልነበረም። ልጅ ሆኖ በእሱ የተኛ፣ በእሱ ያገባ፣ በእሱ የተለየ ሁሉ እዚያ ነበር። ካሴቱ ተበጥሶ ጠረጴዛው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ድምፁ ግን ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛዋ ዘንድ ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ረድፋቸው ተነሣ። ከዚያ ማን ቀድሞ እንደተነሣ አላውቅም፤ አዳራሹ ቆሞ ነበር።

እርሳስ እርሳሷን ዝቅ አድርጋ ለቡድኗ በሹክሹክታ፣ "ዝፈኑ!" አለች።

"ማን?" አለች ከፊት ያለችው።

"እናንተ!"

ተያዩ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። አንዷ ጀመረች፤ ከዚያ ሌላዋ። ስድስቱ ጨርሶ ዜማ እንደማይዙ በዚያች ደቂቃ ታወቀ፤ ቢሆንም ዘፈኑ። ሕዝቡም ገባበት።

ባለ መጽሐፉ ብቻ ነው የተቀመጠው፤ መጽሐፉ ጭኑ ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁለት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ረጅም ጊዜ አያት። መጽሐፉን ወንበሩ ሥር አስቀመጠና ተነሣ፤ አዳራሹ ቃሏ ላይ ሲደርስ እሱም አፉን ከፈተ፣ ሁለት ከንፈሮቹንም አጥብቆ ገጠመ።